የደበሌ ሦስት ችግኞች

ደበሌ ሠላሳ ዓመት የውሃ ፓምፕ ሲጠግን ኖሮ አንድ ሕግ ብቻ ያምናል፤ ሞተር ካሳለ መጀመሪያ ፊልትሮው ይታያል። ጫኖ መንደር ውስጥ ይህን ሕጉን የማያውቅ የለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማይክ ሲንኮሻኮሽ እንኳ አንዱ ከኋላ «ጋሼ ደበሌ ፊልትሮውን ይዩት» ይላል።

ዘንድሮ ያሳለው ግን ሞተር አይደለም፤ የሙዝ ማሳው ነው። የአባያ ሐይቅ ከዓመት ዓመት ወደ እርሻው ሲገፋ ከወንዝ የሚመጣው ቦይ ጫፉ በደለል ተደፈነ። ሌላ ውሃ ስለሌለ ደበሌ ፓምፑን ሐይቁ ዳር ተክሎ ሙዙን ከዚያ ማጠጣት ጀመረ። በሁለተኛው ወር ቅጠሎቹ ከጠርዛቸው እየነደዱ ገቡ፤ እሳት እንደላሰው ወረቀት።

አባያ ቀይ ነው። ደበሌ የቀይነቱን ነገር ቀድሞም ሞክሮታል። አንድ ሃይላንድ ሙሉ የሐይቅ ውሃ ቀድቶ ከመስከረም እስከ ጥር መስኮት ላይ አቆመው። የወንዝ ጭቃ ቢሆን በማግስቱ ይዘቅጥ ነበር። ይሄኛው አፈሩ እጅግ የላመ ስለሆነ አምስት ወር ቆሞም ያው ቀይ ነው። «ይህ ጭቃ ሥሩን ደፍኖታል» ብሎ ደመደመ። ያው የፊልትሮ ጉዳይ ማለት ነው።

ጭቃውን የሚያጠራበትን መላ የነገረው የጎረቤቱ ሐይቅ የጫሞ ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ የሽፈራው ፍሬ። ደበሌ ግቢው ውስጥ ካሉት ሁለት ዛፎች ፍሬ ለቀመ። ልጦ ወቀጠ፣ በትንሽ ውሃ በጥብጦ በነጠላ ቁራጭ አጠለለና የሐይቅ ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ጨመረው። መጀመሪያ በፍጥነት፣ ቀጥሎ በቀስታ አማሰለ።

ባለቤቱ ሻሺቱ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። «ቅጠሉን ለእራት ኩርኩፋ እንዳልቀጥፍ ዛፉን ልታራቁተው ነው?»

«ፍሬው ነው እንጂ ቅጠሉን ማን ነካብሽ።»

«ዛሬ ፍሬው፣ ነገ ግንዱ። አውቅሃለሁ።»

ጭቃው ግን እንደ አይብ መርጋት ጀመረ። ቀይ ፍርፋሪ እየተያያዘ ወረደ፤ ከሰዓት በኋላ የባልዲው ግርጌ ከላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። ጎረቤቱ አጵሎስ መጥቶ አየና ሌላ ሦስት ሰው ጠርቶ ተመለሰ። ጎንበስ ብለው ፊታቸውን አዩበት።

«ጋሼ፣ አባያን አሸነፍከው በለኛ» አለ አጵሎስ።

«ባልዲውን ነው ያሸነፍኩት» አለ ደበሌ። ውስጡ ግን ደስ ብሎታል። ማታ ለሄክታር ስንት ኩንታል ፍሬ እንደሚያስፈልግ እያሰላ ተኛ።

ሙያተኛ ነውና ሳይፈትን አያምንም። ሦስት ጄሪካን ቆርጦ በየአንዳንዱ ከአንድ እናት የተነቀለ የሙዝ ችግኝ ተከለ። ጄሪካኖቹን በሞረድ ምልክት አደረገባቸው። አንድ ምልክት ያለው የሐይቁን ውሃ እንዳለ፣ ሁለት ያለው በሽፈራው የጠራውን፣ ሦስት ያለው ለመጠጥ ብቻ የሚበቃውን የቤተ ክርስቲያኑን ጉድጓድ ውሃ ይጠጣል። አፈሩም፣ ጥላውም፣ የሚጠጡት ልክም አንድ ነው። ሃያ አንድ ቀን ጠበቀ።

ሦስተኛው ችግኝ አረንጓዴ ሆኖ አዲስ ቅጠል አወጣ። የመጀመሪያው ከጠርዙ ነደደ። ሁለተኛውም ነደደ፣ ያውም እኩል።

ደበሌ ለረጅም ጊዜ ቁጢጥ ብሎ አያቸው። ከዚያ ከጠራው ውሃ አንድ ሊትር በብረት ድስት ጥዶ እስኪደርቅ አፈላው። ግርጌው ላይ ነጭ ቅርፊት ቀረ። በጥፍሩ ፋቀና ምላሱ ላይ አደረገው። ለከብት የሚያልሱት ጨዋማ አፈር፣ ቦሌ ነው የመሰለው።

አጵሎስ ገና ከአጥሩ ሲገባ «እሺ፣ ፊልትሮው እንዴት ሆነ?» አለ።

«ፊልትሮው ሰርቷል። ጨው ግን በፊልትሮ አይያዝም። ስኳር ሻይ ውስጥ ከሟሟ በኋላ በማጥለያ ታወጣዋለህ?»

«አላወጣም።»

«በቃ እንደዚያ ነው። ዓይኔ ነው የሸወደኝ። የጠራ ሁሉ የሚጠጣ መሰለኝ።»

«ታዲያ ፓምፑን አጥፋዋ» አለ አጵሎስ።

ደበሌ አጠፋው። በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ የማሳው ግርጌ ወደተከለው ፌሮ ወረደ። የውሃው ከፍታ እዚያ ብረት ላይ በየሳምንቱ በሞረድ ይመዘገባል። ውሃው ያለፈውን ምልክት በአንድ ጣት አልፎታል፤ የመጨረሻው ረድፍ ሙዝ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ቀይ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ፓምፕ ቢጠፋም ሐይቁ በራሱ እየመጣ ነው። ሐይቁ በሳምንት አንድ ጣት ሲጨምር ስንት ረድፍ እንደሚውጥ ያውቃል፤ እርሻው ተዳፋት ስለሌለው ብዙ ነው። ውሃው የመጨረሻው ዘለላ ጋ የሚደርስበትን ወር ሳይቀር መናገር ይችላል። ለማን እንደሚናገር ነው የማያውቀው።

ሻሺቱ ከኋላው መጣች። የሰው ሁሉ ፓምፕ ሲቆም «ቆይ፣ እኔ ጋ መላ አለ» የሚል ሰው ነው ያገባችው።

«ምን ይደረጋል?» አለችው።

ሞረዱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እንጃ» አለ።

እሷም አልደገመችበትም። ወደ ቤት ተመልሳ የተረፈውን የጠራ ውሃ ሳፋ ውስጥ ገልብጣ የእሑድ ሸሚዙን ነከረችው። ውሃው እንደ ሶዳ ነውና ሳሙና አያስጨርስም፤ ወዲያው አረፋ ደፈቀ።

«ለልብስስ ግሩም ነው» ብላ ከሩቅ ተጣራች።

ደበሌ እጁን አነሳላት፣ ሰምቻለሁ እንደ ማለት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የዛሬውን ምልክት ሞረደ።