ወተት ያለበት አጥሚት

በሁዳዴ ጾም እኩሌታ ላይ ታላቅ እህቴን ልጠይቅ ከወልድያ በሚኒባስ ወደ መርሳ ወረድኩ። ሆዷን ታማ አልጋ ከያዘች ሰንብታለች። የንስሐ አባቷ ወተት እንድትጠጣ ፈቅደውላት ነበር፤ እሷ ግን "በዚህ ዕድሜዬ ጾም አልገድፍም" ብላ እንቢ አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ይህን ያውቃል።

በመጣሁበት ዕለት ልጇ ጓዳ ውስጥ ለእናቷ በሠራችው አጥሚት ላይ ወተት ስትጨምር አየኋት።

"አደራ አክስቴ፣ እንዳይነግሯት" አለችኝ። "በውሃ ብቻ ከሆነ ትሞትብኛለች።"

"አላወቀችም?"

"አፏን መሮታል፤ በምን ታውቃለች?"

ነገሩ ከነከነኝ። እህቴ ለፋሲካ ልትቆርብ አስባለች። ልጅቷ ያደረገችው ለደግ ነው፤ ቢሆንም እናቷ እንቢ ያለችውን ነው ያጠጣቻት። ልንገራት፣ ልተወው እያልኩ ሰነበትኩ። ኋላ ልጅቷ ወደ ሱቅ ስትሄድ ጠብቄ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ስለ አጥሚቱ..." ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

"ወተቱን ነው? ላም ሳልብ ያረጀሁ ሴትዮ ወተት ይጠፋኛል?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "መጀመሪያ ልጄ እንዳታፍር ብዬ ነው። ቀጥሎ ጣመኝ። ከዚያ ጎረቤቶቹ ጾሜን ሲያደንቁ ሰማሁ፤ እሱም ጣመኝ። አባ የፈቀዱልኝ ወተቱን ነው፣ ውዳሴውን አይደለም። አሁን ለየትኛው ብዬ እንደምጠጣ ራሴም አላውቅም።"

እግዚአብሔር ልብን ያያል ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ሁልጊዜ እንደ ማጽናኛ ነበር የምቆጥረው። ያን ቀን ግን አስፈራኝ።

በማግስቱ የጎረቤት ሴቶች ሊጠይቋት መጡ።

"እትዬ፣ እኛን ጤነኞቹን አሳፈሩን እኮ" አለች አንደኛዋ።

ወዲያው ልጅቷ አጥሚቱን ይዛ ገባች። እህቴ ድምጿን ሳትቀንስ ጠየቀቻት፤

"ወተት አለበት?"

ልጅቷ እኔን አየችኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

"አለበት" አለች በመጨረሻ።

"ትናንትም ነበረበት። አምጪው።"

ሴቶቹ እያዩዋት አንጠፍጥፋ ጠጣችው። አንደኛዋ ስለ ዝናቡ መዘግየት ማውራት ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ይቀላታል ብዬ ነበር። ለፋሲካ ግን አልቆረበችም፤ ልጅቷ አጥባ ያዘጋጀችላትን ነጠላ አጣጥፋ መለሰችላት። ለምን ብላት፣

"ወተቱን በሴቶቹ ፊት የገለጥኩት ለእግዚአብሔር ብዬ ይሁን፣ እውነተኛ ናት እንዲሉኝ ይሁን፣ ገና አልለየሁትም" አለችኝ።