በወንድሜ ፈንታ እጅ የተጫነብኝ ቀን

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ዛሬ ካልነገርኳችሁ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም! በቃል ስጀምረው ስለማለቅስ ጽፌ አምጥቼዋለሁ። እያነበብኩ ካለቀስኩም ታገሡኝ። ስሙ ይባረክ!

ቤታችን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ወንድሜ ናቲ የተወለደው በኮሮና ጊዜ ስለነበር አባቴ ከመንገድ መመለስ አልቻለም። እናቴን ገብቶ የጠየቀ ሰውም የለም። የሰፈር ሴቶች ገንፎውን በር ላይ አስቀምጠው፣ አንኳኩተው ይሄዳሉ። እናቴ ሳህኑን በበረኪና አጥባ እዚያው በሩ ላይ ትመልሰዋለች። ትምህርቴ በቴሌግራም፣ አምልኳችን በቴሌቪዥን ሆነ። ሲዘመር ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አጨበጭባለሁ። ጌታንም የማውቀው እንደዚያው ነበር፣ ስክሪን ውስጥ እንዳለ ሰው።

ከዚያ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ሰውም ማስኩን አወለቀ። የእኛ በር ግን እንደተዘጋ ቀረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ግቢው በር ላይ ልብሴን ታስቀይረኛለች። ጓደኛ ማምጣት አይታሰብም። "ናቲዬ እኮ ጉንፋን እንኳን ይዞት አያውቅም!" ትላለች በስልክ፣ ደስ ብሏት። ሰፈሩም በራችንን ዝም ብሎ ማለፍ ለመደ።

ናቲ ድክ ድክ ማለት ትቶ መሮጥ ሲጀምር፣ በበጋ፣ በዚያ ጠራራ ፀሐይ፣ ሳል ያዘው። ከዚያ ሲተነፍስ ጎኑ ስርጉድ ስርጉድ ይል ጀመር፣ ደረቱም ያፏጫል። እናቴ አቅፋው ወደ ሆስፒታል በረረች፣ እኔም ተከተልኳት። ክፍሉ በልጆች ሞልቷል። አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሁለት ተኝተው ሁሉም ያስላሉ።

"እናት፣ ይሄ ቫይረስ ድሮ በክረምት ነበር የሚበዛብን" አለቻት ዶክተሯ። "ኮሮና ጊዜውን አዛባው። ልጆቹ ተዘግተው ስላደጉ ሰውነታቸው አያውቀውም። አሁን ሰው ሲቀላቀል ሁሉም ባንዴ ታመሙብን።"

"እኔ የዘጋሁበት እኮ እንዳይታመምብኝ ብዬ ነው!" እናቴ አለቀሰች።

"ጥፋት የለብዎትም። ያኔ ሌላ ምን ያደርጉ ነበር? ግን ለዚህ ቫይረስ ለይቶ የሚያጠፋው መድኃኒት የለንም። ኦክስጅን እየሰጠን እንጠብቃለን። ትንፋሹ በጣም ደክሟል።"

አስታማሚ አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ስለዚህ ብቻዬን ወደ ቤት ተመለስኩ።

ወገኖቼ፣ እንደዚያ ቀን ዓይነት ብቸኝነት አላውቅም። የማን በር ይንኳኳል? ስልኬ ላይ ከእናቴና ከአባቴ ሌላ የምደውልለት ሰው አልነበረም። የአባቴም ስልክ አይሠራም። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ "ጌታ ሆይ፣ ናቲ እንዳይሞት" አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ከዚያ ምን እንዳስነሳኝ አላውቅም፣ ተነሥቼ ፊት ለፊታችን ወዳለው ሱቅ ሄድኩ።

ባለሱቋ እትዬ ሰሚራ ሙስሊም ናት። ስታየኝ "ውይ፣ እዚያ ቤት ሰው አለ እንዴ? ልጁን እኮ በለቅሶው ብቻ ነው የምናውቀው!" ብላ ቀለደች። እንባዬ ዱብ አለ። ነገርኳት። ወዲያው ሱቋን ዘጋች።

"ነይ የኔ ልጅ፣ የናንተን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ግድግዳዬ እስኪሰነጠቅ የሚዘምሩት!" እጄን ይዛ የቤት ኅብረት መሪዋ እህት ትዕግሥት ጋ ወሰደችኝ።

እህት ትዕግሥት ሌሎች እህቶችን ጠርታ ቤታችን መጣች። ሊጸልዩ ቆሙና ተያዩ፤ ልጁ ሆስፒታል ነው፣ እጅ የሚጫንበት ሰው የለም።

"እንግዲያው በሱ ፈንታ አንቺ ቁጭ በይ" አለችኝ እህት ትዕግሥት።

መሀል ተቀመጥኩ። ራሴ ላይ፣ ትከሻዬ ላይ፣ ጀርባዬ ላይ እጃቸውን ጫኑ። ወገኖቼ! ከቤተሰቤ ሌላ ሰው የነካኝ መቼ እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ። የሚጸልዩት ለናቲ ነው፣ መጀመሪያ የተፈወስኩት ግን እኔ ነኝ! እዚያው ወንበር ላይ ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌሉያ! እትዬ ሰሚራም የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ በራሷ መንገድ ዱዓ ታደርግ ነበር።

በማግስቱ እናቴ ደወለች። ለቅሶ እንጂ ቃል አይወጣትም።

"እማ! ምን ሆነ?"

"ሙዝ ጠየቀኝ!" አለች። "ሙዝ! ዶክተሯ ትንፋሹ ተስተካክሏል ብላ ኦክስጅኑን ቀንሳለታለች!"

ስሙ ይባረክ! ኦክስጅኑም የሱ ነው፣ ያቺ ዶክተርም የሱ ናት!

ዛሬ ናቲ ኬጂ ገብቷል። ጉንፋን ይይዘዋል፣ ይለቀዋል፣ እንደ ማንኛውም ልጅ። እኔን ብቸኝነቱ አሁንም አንዳንዴ ይመጣብኛል፣ በተለይ ሰው በሞላበት ታክሲ ከመገናኛ ስመለስ። አልዋሽም። ግን አሁን ታክሲው ውስጥ በልቤ የማወራው አለኝ፣ ተመስገን!

ዛሬም ቤታችሁ ሆናችሁ በስልክ የምትሰሙኝ፣ ያ ፍርሃት ያልለቀቃችሁ አላችሁ። አልፈርድባችሁም። ጌታን እመኑትና ኑ። እኔ የምቀመጠው በወጣቶቹ በኩል፣ መስኮቱ ጋ ነው። አጠገቤ ያለውን ወንበር ይዤላችኋለሁ።