ማታ ማታ የሚጠፋው መስመር

ምሰሶ ነው የሚሉት። ዕድሜውን በስልክ እንጨት ላይ የጨረሰ የመስመር ሠራተኛ ነው። ታናሽ እህቱ ድንበር ተሻግራ ጎረቤት አገር ካገባች ወዲህ፣ የሁለቱ ጨዋታ አንድ ብቻ ሆነ፦ የማን አገር ኢንተርኔት ብዙ ቤት ገባ?

መጀመሪያ ላይ አፉን ሞልቶ የሚያወራው እሱ ነበር። እዚህ ኢንተርኔቱ በስልክ ገመድ እየተንጫጫም ቢሆን በየቢሮውና በየደህናው ቤት ሲገባ፣ እዚያ ገና ወሬው ነበር የደረሰው። "እቴ፣ ደብዳቤ ልጻፍልሽ ወይስ ርግብ ልላክልሽ?" እያለ ያሾፍባት ነበር። በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። የእሷ አገር ሰዎች ዘግይተው ቢነሡም የመዳቡን ገመድ ዘለው በፋይበር፣ ብርሃን በሚያስኬደው ቀጭን የመስታወት ክር፣ ጀመሩ። የእሱ አገር አሮጌውን መዳብ ስትጠግንና ስትቀጥል፣ ዓይኗ እያየ አለፏት።

"ወንድምዓለም፣ እኛ ዘንድ መስመር የሌለው ቤት ፈልጌ አጣሁ። እናንተስ ያለው ቤት ተገኘ?" ትለው ጀመር።

ቀልዱ ቀልድ ሆኖ የቆየው አባታቸው እስኪያርፉ ነበር። ያን ጊዜ እህቱ ቆረጠች፦ "እማዬ ወይ የልጅ ልጆቿን በደንብ የምታይበት መስመር ይግባላት፣ ወይ መጥቼ እወስዳታለሁ።" በሞባይሉ ሲደዋወሉ ምስሉ ይቆራረጥ፣ የልጆቹ አፍ እንደተከፈተ ይቀር ነበርና እውነቷን ነው። ምሰሶ ግን እናቱ ከኖሩበት ሰፈር ተነቅለው እንዲሄዱ ፈጽሞ አልፈለገም። ቢሆንም በሥራው ተመክቶ ወረፋ አልዘለለም፤ እንደ ማንም ተመዝግቦ ጠበቀ። ተራው ሲደርስ ፋይበሩን በገዛ እጁ እስከ እናቱ ሳሎን ሳበው።

ብዙም ሳይቆይ እህቱ ደወለችበት። "የታለ መስመርህ? ማታ ስደውል ድርግም ብሏል!"

መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። ማያያዣውን ፈታ፣ ጫፉን ወልውሎ ለካው፤ መስመሩ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው። እናቱን ሲጠይቅ "እኔ ምን አውቄ፤ ቀን ደህና ነበር" አሉት። ማታ ደግሞ ጠፋ። በማግስቱም እንዲሁ። በመጨረሻ እህቱ "ቲኬት ቆርጫለሁ፣ ነገ እመጣለሁ፤ ዕቃዋን ታሰናዳ" አለችው።

ምሰሶ ያን ቀን ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ እናቱ ሳሎን ገብቶ ተቀመጠ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቱ ብድግ አሉ፤ የኢንተርኔቱን ሣጥን ከሶኬቱ ነቀሉና ጥልፍ ጨርቅ አለበሱት።

"እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ላሳርፈው ነዋ! ቀኑን ሙሉ ዓይኑን ሲያርገበግብ ውሎ ማታ እንኳ አይተኛ? አባትህ ሬድዮኑን ሳያሳርፍ ተኝቶ ያውቃል?"

"ታዲያ ልጅሽ ስትደውልስ?"

"ከደወለችማ ነቅቶ ይጮሃል ብዬ።"

ምሰሶ ሳቅ አፈነው። "እማዬ፣ ይሄ ዘበኛ ማለት ነው። ዘበኛ ማታ ይተኛል?"

"አሃ! እንዲህ ብለህ አትነግረኝም ነበር?" አሉና ራሳቸው ሰኩት።

ሻይ ሳይፈላ ምሰሶ ለእናቱ የገዛላቸው ታብሌት ጮኸ። የልጅ ልጆቹ ወለል ብለው ታዩ፤ የወለቀው ጥርሳቸው ሳይቀር። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች አንድ በአንድ ገቡ። ልብስ ሰፊዋ "ቀጥሎ ለኔ ልጅ ደውሉልኝ" ብላ ከፊት ተቀመጠች። ጡረተኛው ሾፌር መነጽሩን ፍለጋ ወደ ቤቱ ሮጠ።

"ይሄ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?" አለች እህት ከማዶ።

"እናንተ ጋ ለአንድ ቤት አንድ መስመር ነው፤ እኛ ጋ ለአንድ መስመር አንድ ሰፈር!" አለ ምሰሶ።

"በቁጥሩ ግን በልጠናችኋል።"

"እሱንማ ማን ይክዳል።"

"እማዬ፣ ሻንጣሽን አሰናዳሽ?"

እናትየው ዙሪያቸውን ቃኙ። "ነይ ልጄ፣ ናፍቀሽኛል። ግን ልትወስጂኝ አትምጪ፤ ልትሰነብቺ ነይ። ይሄን ሁሉ ሰው ለማን ጥዬ ልሂድ?"

እህት ሳቀች። "እሺ፤ የምተኛበት አለ ታዲያ?"

ምሰሶ የእናቱን መልስ ሳይጠብቅ ትርፉን ፍራሽ ሊያወርድ ወደ ጓዳ ገባ።