ዘይት የተቀባው ፎም

ወሬው የደረሰኝ በጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ወሎ፣ እናቴ ቤት ነው። ከስግደት ተመልሼ ጉልበቴን እያሸሁ ስልኬን እንደከፈትኩ ጮኸ። መተማ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ አብራኝ የምትሠራው አዋላጅ ነበረች። በሕማማት ሰላምታ ስለማንለዋወጥ በቀጥታ ገባችበት።

«ሲስተር፣ ፎሙ ቀለጠ።»

«ፀሐይ ላይ ትተውት ነው?»

«ፀሐይስ አልነካውም። ዘይት ቀቡት።»

«ምን አደረጉት?»

«ለምስጥ ብለው ቀቡት እኮ ነው የምልሽ።»

መስመሩ ተቆረጠ። መልሼ ብሞክር ብሞክር አልገባ አለኝ፤ ያን ቀንም፣ ዓርብም። የጨነቀኝ ፎሙ ብቻ አልነበረም። ቅዳሜ የምትመጣ ሴት ነበረች፤ አትምጪ የሚላት ሰው ማግኘት አልቻልኩም። በስቅለት እየሰገድኩ እንኳ ዓይኔ ላይ የሚመላለሰው ብሩሽ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ጤና ጣቢያችን ከገንዳ ውሃ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከሩቅ እርሻ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪይዛቸው የሚቆዩበት አንድ ክፍል አለን። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የሚባል ነገር አልነበረውም። በመጋቢትና በሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ አልጋው እጅ አያስነካም። እናቶቹ ፍራሻቸውን እየጎተቱ ዛፍ ሥር ይወጣሉ፤ አንድ ሁለት ቀን እንደምንም ይችሉና «እቤቴ ይሻለኛል» ብለው ባገኙት ትራክተር ተሳፍረው ይሄዳሉ። መከልከል አልችልም። ምን ብዬ?

ያቺ ሴት መንታ ነበር ያረገዘችው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ቤቷ ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። ለክትትል ስትመጣ ክፍሉን አሳየኋት። ጣራውን ቀና ብላ አየችና «እዚህ ተቀቅዬ ልውለድ?» አለችኝ። እኔ መማል አልወድም። ማተቤን ይዤ ግን «ለፋሲካ ዋዜማ ነይ፣ ክፍሉ ቀዝቅዞ ታገኚዋለሽ» አልኳት።

እንዲህ ያስደፈረኝ በገንዳ ውሃ ትልቅ ሱቅ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ለሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል አሠርተው የተረፈ ነጭ ፎም ነበራቸው፤ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ዓይነት፣ ነገር ግን ደረቅ ያለና በር የሚያህል ጠፍጣፋ። አንዱን አንስተው በጣታቸው አንኳኩልኝ።

«ወላሂ፣ አየር ነው የገዛሁት። ሙቀት ግን አያሳልፍም። ውሰጂው፣ ለእናቶቹ ይሁን።»

ወደ አገሬ ከመውጣቴ በፊት ፎሙን ኮርኒስ አድርጎ ለሚሰቅልልን አናጢ ሁሉን ነገር በወረቀት ጻፍኩለት። ፎሙ ከቆርቆሮው ጋር አይነካካ፣ አራት ጣት ክፍተት ይተውለት። ፀሐይ ላይ አይዋል፣ እሳትና ሲጋራ አይቅረበው። ከሥሩ በቺፑድ ጣውላ ይሸፈን። ይህን ሁሉ ሐጂ ናቸው የነገሩኝ። መጨረሻ ላይ ግን ከራሴ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ምስጥ እንዳይገባበት ጥንቃቄ ይደረግ።»

ቆላ ምስጥ ቤት ይበላል። ስለዚህ ማንም ሰው እንጨት ሳይቀባ አያቆምም። ከትራክተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት በቤንዚን ያቀጥኑና በብሩሽ ያጠጡታል። አጥሩም፣ ምሰሶውም፣ የበሩ መቃንም ጥቁር ነው። ስንት ዓመት ስኖር ይህን ሳየው ኖሬያለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ ደረስኩ። ክፍሉ በር ላይ ስቆም ቤንዚኑ ዓይኔን አቃጠለኝ። ፎሙ ጣራው ላይ ተሸብሽቦ፣ ተቦርቡሮ፣ እንደ ሙጫ የሚዝለገለግ ጥቁር ነገር ሆኖ ተንጠልጥሏል። አናጢው ከጎጃም መጥቶ እዚሁ የቀረ ጎልማሳ ነው፤ ቆብ አውልቆ ጠበቀኝ።

«ማን ነው ቅቡት ያለህ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ወሎ ነበርኩ።»

«ወረቀትዎ እዚህ ነበር።» ከኪሱ አውጥቶ የመጨረሻውን መስመር በጥፍሩ አሳየኝ። «ሳይቀቡ ምስጥ መከልከያ እርስዎ ያውቁ እንደሁ ያሳዩኝ።»

«የመጀመሪያው ሲሟሟ አላያችሁም?»

«ሺ ሲል ሰማነ። እየጠጣ መሰለነ። እንጨት ሲጠጣ ጥሩ ነው።»

«ፎም እንጨት ነው?»

«ምን እንደሆነ ማን ነገረነ? ሐጂ አየር ነው ብለዋል አሉ። አየር ደግሞ በብሩሽ ቀብቸ አላውቅም።»

አብረውት ያሉት ሳቃቸውን ዋጡ። እኔ ግን ወረቀቱን ተቀብዬ ደግሜ አነበብኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ በልቤ ስረግመው የከረምኩት ሰው እውነቱን ነው፤ ጥንቃቄ ያልኩት የራሴ ነገር ነው ያበላሸው። ይህ ደግሞ ንዴቴን አላበረደውም፣ አባሰው እንጂ።

ሴትዮዋ እንደቃሏ ቅዳሜ መጥታ ነበር። ጓዟን እንደተሸከመች በሩ ላይ ቆማ፣ ሽታው ሲመታት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ «የሲስተር ቅዝቃዜ ይኸ ነው?» ብላ በመጣችበት ትራክተር ተመለሰች። ባልደረባዬ እየተከተለች ብትለምናትም አልሰማቻትም። እኔም ከተመለስኩ በኋላ ሁለት ጊዜ ላክሁባት። የመጣልኝ መልስ «አንዴ አምኛት ነበር» የሚል ነው።

ሐጂ ጋ እያፈርኩ ሄድኩ። ወረቀቱን አነበብኩላቸው። ፂማቸውን ይዘው «ኸላስ። እኔም ቤንዚን ያሟሟዋል አላልኩሽም» አሉ። «ምስጥ ይበሳዋል እንጂ ምግቡ አይደለም። የቀረውን ውሰጂ። እንጨቱን ቀቡት፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ በላዩ ላስቲክ አልብሱ። ቀድማችሁ በቁራጭ ሞክሩ።»

መጠበቁ ነበር የከበደኝ። የሴትዮዋ ሆድ እየገፋ፣ ቀኗ እየቀረበ፣ እኔ እንጨት እስኪደርቅ እቆጥራለሁ። በየጠዋቱ እየሄድኩ በመሐረቤ እጠርገዋለሁ፤ መሐረቡ ይጠቁራል። አናጢው «ሲስተር፣ እየነኩ አያደርቁትም» ይለኛል። በመጨረሻ መሐረቡ ነጭ ሆኖ ወጣ። ፎሙን በሁለት ቀን ሰቀሉት፣ ቺፑዱን መቱበት። እኩለ ቀን ላይ ገብቼ ቆምኩ። እንደ ሐጂ ማቀዝቀዣ አልሆነም፣ ይሆናልም አልልም፤ ግን ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ሆነ።

ፎሙ በተሰቀለበት ሳምንት ቅዳሜ ግቢው ውስጥ የነበሩትን ሁሉ፣ አናጢውንና ጓደኞቹን፣ ባልደረባዬን፣ ዘበኛውን፣ በፀሐዩ አናት ላይ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰብኳቸው። ላብ የሚጠርግ ሰው እስኪጠፋ ትንሽ አስቆምኳቸውና እንዲህ አልኳቸው፦

«ያቺ ሴት የመጣች ቀን እኔ አልነበርኩም። ማተቤን ይዤ የነገርኳት ውሸት ሆኗል፤ አሁን ብምልላትም አታምነኝም፣ አልፈርድባትም። እናንተ ግን ስትመለስ አይታችኋታል፤ ሽታውን አብራችኋት ሸታችኋል። እባካችሁ፣ ነገ ጠዋት ሂዱላት። ክፍሉን አታሞግሱት፣ በእኔም ስም ሌላ ቃል አትግቡላት። ገብተን ቆመን አየነው በሏት፣ ይኸው ነው። መጥታ በዓይኗ ትየው። ትራክተሩ በር ላይ ይጠብቃት፣ ካልወደደችውም ያለ ነገር መልሷት።»