ጡሩንባው የት ቆሞ ተነፋ

ግትር ሴት ነኝ፤ አልክድም። ስለ ወፍጮ ቤት አንድ ግጥም ለመጻፍ ወፍጮ ቤት ውዬ ዱቄት መስዬ ወጥቻለሁ። ስለ አንድ የፈረሰ አጥር ስድስት መስመር ልጽፍ ስድስት ሽማግሌ አስለፍልፌአለሁ። ጓደኞቼ «አንቺ ግጥም ነው የምትጽፊው ወይስ ክስ የምትመሠርቺው?» እያሉ ይሳለቁብኛል። ይሳለቁ! ያላጣራሁት መስመር ከደብተሬ አይወጣም። እንዲህ እያልኩ ስኮፈስ ነው እንግዲህ ያ ሳምንት የመጣብኝ።

ሰንጋ ተራ የነበረው ሰፈራችን ፈርሶ ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ሳይበተን የቀረልን እድራችን ብቻ ነው። ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፊያችን ጎህ ሲቀድ ይወጣል፤ ይነፋል፤ የሟቹን ስም ይጠራል። የሰማ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። በስልክ መንገር የለም። ሽማግሌዎቹ «ለሞተ ሰው ሚስኮል አይደረግም» ብለው ደንቡ ላይ አስጽፈዋል።

አንድ ሐሙስ ከእኛ ብሎክ ምድር ቤት የሚኖሩ እናት አረፉ። በድሮው ሰፈር የእሳቸውን ያህል ለቅሶ የደረሰ ሰው አልነበረም፤ «ሟቹ ሳይሞት ይደርሳሉ» እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። እሳቸውን የቀበራቸው አሥራ አንድ ሰው ነው። እኔ እንኳ የሰማሁት ከሥራ ስመለስ፣ ደረጃው ላይ ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ።

ሊቀመንበራችንም ተናደዋል። ማታውኑ በሬን አንኳኩ።

«ጡሩንባው አልተነፋም። ማንም አልሰማም። የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ስብሰባ ጠርቻለሁ፤ ሰውዬውን እናሰናብታለን። አንቺም ለእናታችን መታሰቢያ የምታነቢው ግጥም አዘጋጂ፤ የሚያስለቅስ ይሁን» አሉኝ።

ጡሩንባ ነፊው ሽማግሌ ናቸው። ሚስት የላቸውም፤ ልጅ የላቸውም። ስማቸውን እንኳ የምናውቅ ጥቂት ነን፤ ለሰፈሩ «ጡሩንባው» ናቸው። እሱን ከቀማናቸው ምን ይቀራቸዋል? ይህን አሰብኩ፤ ግን ንዴቴ አልበረደም፤ በንዴቴም እንዲህ ጻፍኩ፦

ሰው ሁሉ ሲቀበር ቀድማ የደረሰች፣
ጡሩንባ ዝም ቢላት ብቻዋን አለፈች።

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ያስለቅሳል። ቤት ይመታል። ሁለተኛው መስመር ግን ጎረበጠኝ። ዝም ማለቱን በምን አወቅሁ? ሊቀመንበሩ ስላሉ? እሑድ ይህ ስንኝ ከተነበበ ሰውዬው አበቃላቸው፤ ሕዝብ አልቅሶ የፈረደውን ማን ይመልሰዋል?

ማክሰኞ ልደታ ማርያም ደጅ፣ ከቅዳሴ ሲወጡ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ዕለት ነፍተዋል?»

«ነፋሁ።»

«እኛ አልሰማንማ!»

«የሰማ ሰማ።»

«የት ቆመው ነፉ?»

«ከአጥሩ ውጭ። አስፋልቱ ዳር።»

«ለምን ግቢ አልገቡም?»

ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። «ተይው ልጄ» ብለው ዘንጋቸውን ይዘው ሄዱ። ደብተሬን እንደያዝኩ እዚያው ቀረሁ።

አስፋልቱ ዳር በማለዳ ሽንኩርት የምትዘረጋ የጉልት ነጋዴ አለች። ረቡዕ ጠየቅኋት። «ኧረ ነፍተዋል! ሦስት ጊዜ!» አለች፤ «ግን አውቶቡሱ አለ፣ የሚገነባው ሕንፃ ማሽን አለ፣ ማን ይሰማቸዋል? እየነፉ እንባቸው ይወርድ ነበር፤ እኔም አልቻልኩም።» ቃሏን እንዳለ ጻፍኩት። እኔ ደግሞ በዚያ ግንባታ አቧራ የተነሳ አራተኛ ፎቅ መስኮቴን ዘግቼ ነው የማድረው፤ ይህንንም ጻፍኩ።

ቅዳሜ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ማን ነው ግቢ እንዳይገቡ የከለከለው? ወደ ጥበቃው ወረድኩ። ክልከላ የሚለውን ቃል ከአፌ ሳላወጣ ተቆጣ።

«እኔን አትውቀሱኝ እህቴ! ነዋሪው ፈርሞ የሰጠኝ ወረቀት አለ። እሱን ነው ያሳየኋቸው፤ ቁጭ ብለው ስሙን አንድ በአንድ አነበቡትና ወጡ።»

ከጥበቃ ቤቱ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አመጣ። ርእሱ «ግቢያችንን ስለሚረብሹ ድምፆች» ይላል። አንደኛ፣ ጄኔሬተር። ሁለተኛ፣ የሙዚቃ ስፒከር። ሦስተኛ፣ ቆራሌው። አራተኛ፣ በማለዳ የሚነፋ ጡሩንባ። ከሥር ስምና ፊርማ ተደርድሯል። ሁለተኛው የሊቀመንበራችን ነው። አምስተኛው ጅራቱን አስረዝሞ የተጠማዘዘ፣ የመጽሐፍ ሽፋን ላይ ለመፈረም ስለማመደው የኖርኩት፣ የእኔ የራሴ ፊርማ።

ትዝ አለኝ፦ ደረጃ ላይ ዘንቢል አንጠልጥዬ ስወጣ አንዲት ጎረቤት «ለዚያ ለሙዚቃው ነው፣ ፈርሚልን» አለችኝ፤ ግድግዳው ላይ አስደግፌ ሳላነብ ፈረምኩ። ለአንድ አጥር ስድስት ሽማግሌ የማስለፈልፍ ሴት! ሰውዬውም ማክሰኞ ዓይኔን ሲያዩኝ ያውቁ ነበር። አውቀው ሸፈኑልኝ።

ወረቀቱን በስልኬ አነሳሁት። ማታ ሊቀመንበሩ ደወሉ። «ግጥሙ ደረሰ?» «ደርሷል» አልኩ። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ጥበቃው አይናገር፣ ሽማግሌው አይናገሩ። ያንን ሐሳብ አላባረርኩትም፤ ውሸት ለምን እናገራለሁ፣ አብሮኝ ሲከራከር አደረ።

እሑድ የእድሩ ድንኳን ግቢ ውስጥ ተተከለ። ጡሩንባ ነፊው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጡሩንባቸውን በነጠላ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ሊያስረክቡ እንዳመጡት ገባኝ። ሊቀመንበሩ ክሱን አሰሙ፤ ሰዉ አጉረመረመ፤ እኔ ተጠራሁ። ደብተሬን ገለጥኩ፤ ከሁለተኛው መስመር ግማሹን ሰርዤ በሌላ ተክቼ ነበር።

ሰው ሁሉ ሲቀበር ቀድማ የደረሰች፣
በፊርማዬ ሰበብ ብቻዋን አለፈች።

«የማን ፊርማ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«የእኔ» አልኩና ስልኬን ሊቀመንበሩ ፊት አስቀመጥኩ። «የእኔ ብቻም አይደለም።»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አደረጉ። ስሞቹን እስከ ታች አነበቡ። ፊታቸው ደም መሰለ፤ ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ። መነጽራቸውን አወለቁና «ሰውዬው ጥፋት የለባቸውም። ጡሩንባው እሳቸው ዘንድ ይቆይ» አሉ፤ ድምፃቸው ለእኔም በደንብ አልተሰማኝም።

ድንኳኑ ሲፈርስ ጡሩንባ ነፊው አጠገብ ሄጄ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። ክንዴን ይዘው አነሱኝ። ይቆጡኛል ስል እሳቸው ሽቅብ ወደ ብሎካችን አንጋጠጡ።

«የትኛው ነው ያንቺ?»

«አራተኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ ያለው።»

«ደረጃው ለእኔ አይሆንም» አሉ። «ከታች ሆኜ ነው የምነፋው። ብቻ አንቺ መስኮቱን ክፈቺው።»