የዶን ሴፈሪኖ የይለፍ ቃል

ኒሚያ ኦርቴያዶን በዩቲ ከተማ የማያውቃት የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍሏ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ በኢንተርኔት የሚሞላውን ሁሉ ለሰው ትሞላለች። ባለጉዳዩ የይለፍ ቃሉን አንዴ ያስገባል፤ ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ ይይዝለታል። «አንተ እርሳው፣ እሱ አይረሳም» ማለት ታበዛለች። እንግዲህ መብረቁ የወረደው በዚህ ኩራቷ ላይ ነው።

ትናንት ጠዋት ከዋና ከተማዋ ከአሱንሲዮን፣ ከሆስፒታል፣ ቤት ተደወለ፤ እንደ ዕድል ስልኩን ያነሳችው እሷ ነበረች። የአባቷ የዶን ሴፈሪኖ የዓይን ቀዶ ጥገና ተራ ደርሷል፤ እስከ ዛሬ እኩለ ቀን በሆስፒታሉ ገጽ ካልተረጋገጠ ለሌላ ሰው ያልፋል ተባለች። ደንበኛ በዝቶባት ለከሰዓት አቆየችው። ከሰዓት ዶፉ ወረደ፣ መብረቁ በመብራት መስመሩ ገባ፣ ኮምፒውተሩ እርር ብሎ ቀረ።

የሽማግሌው አንድ ዓይን ጨርሶ ጠፍቷል፤ ሌላው የሚያየው ጥላ ብቻ ነው። ይህ ተራ ካለፈ ጥላውም መሄዱ ነው። መንገዱ ጭቃ ሆኖ አውቶቡስ ቀርቷል። የሆስፒታሉ ስልክ ዛሬ ይጠራል እንጂ የሚያነሳ የለም። አዲስ የይለፍ ቃል ልጠይቅ ብትል፣ መልእክቱ የሚላከው ሽማግሌው ዓሣ ሲያጠምዱ ወንዝ ውስጥ ወደ ጣሉት ሞባይል ነው።

«እህስ?» አለችው ዊልፍሪዶን። የከተማዋ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ የተቃጠለውን ፈታትቶ ዲስኩን ከራሱ ላፕቶፕ ጋር አያይዞታል።

«ዲስኩ ተርፏል። ፎቶሽም ደብዳቤሽም አለ።»

«የይለፍ ቃሎቹስ?»

«አሉ፣ ግን ተቆልፈዋል። መክፈቻው አብሮ ነዷል። ይሄን ዝብርቅርቅ ታያለሽ? የአባትሽ የይለፍ ቃል ነው፤ ማንበብ ከቻልሽ ግቢ። ስንቴ ነገርኩሽ፣ ሌላም ቦታ ያዢው ብዬ! አንቺ እንደሆንሽ ‹እሱ አይረሳም› ነሽ!»

«ዊልፊ፣ ዛሬ አፍህን ያዝ!»

ዶን ሴፈሪኖ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ቴሬሬ የሚሉትን ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ በመምጠጫ ይስባሉ፤ ጉዳዩ የጎረቤት ይመስል።

«አባዬ፣ ያኔ ዓይንህ ሲያይ እዚሁ ቁጭ ብለህ በራስህ ጣት ነው የጻፍከው። ምን ነበር?»

«ረሳሁት።»

«ከሠርግህ በፊት የሸጥከውን በሬ ስም አልረሳህም!»

«እሱማ በሬ ነው» አሉ።

ደሟ ፈላ። ጽዋውን ከነመምጠጫው ከእጃቸው ነጠቀች። ዊልፍሪዶ እንኳ ክው አለ፤ እየጠጣ ካለ ሰው እጅ ቴሬሬ ሲነጠቅ አይቶ አያውቅም።

«አባዬ፣ በእናቴ ሞት!»

ሽማግሌው ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጠረጉ። «ካኢሚ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከነልደት ዓመትሽ።»

ካኢሚ በአገሬው ቋንቋ በጓራኒ ጦጢት ማለት ነው። ልጅ ሆና ከማንጎው ዛፍ አልወርድም ስትል የሚጠሯት እንደዚያ ነበር፤ ካደገች ወዲህ ከአፋቸው ሰምታው አታውቅም። ዊልፍሪዶ ሊስቅ ቃጣውና ፊቷን አይቶ ተወው።

ትምህርት ቤት እንደተማረችው ጻፈችው፤ በላቲኑ «ኬ» ጀምራ፣ መሐል ላይ ትንፋሽ የምትቆርጠውን ጭረት ጨምራ። ተሳስቷል አላት ገጹ። ጭረቷን አውጥታ ሞከረች። አሁንም ተሳስቷል፤ አንድ ሙከራ ብቻ ይቀራል፣ ከዚያ ገጹ ይቆለፋል።

እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች።

«አባዬ፣ እንዴት አድርገህ ነው የጻፍከው?»

«እንደሚጻፈው ነዋ!»

«ፊደሎቹን አንድ በአንድ ንገረኝ።»

«የተማርሽው አንቺ፣ የምትጠይቂው እኔን? የፊደል ስም ማን ያስታውሳል!»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ወደ እኩለ ቀን ተጠግቷል። ኒሚያ እግራቸው ሥር ተንበረከከችና መዳፏን ዘረጋችላቸው። «ጻፍልኝ፣ እዚህ ላይ።»

ሻካራ ጥፍራቸው መዳፏ ላይ ተንቀሳቀሰ። የ«ኬ»ን ቀጥ ያለ መስመር ስትጠብቅ፣ አፉን የከፈተ ግማሽ ክብ መጣ። «ሲ» ነው! አባቷ ጓራኒን የጻፉት በስፓኝ አጻጻፍ ነው፣ በወታደር ቤት እንደለመዱት፤ የትምህርት ቤቱ «ኬ» እና ጭረት የመጡት ከእሳቸው በኋላ ነው። ይህንኑ አጻጻፍ ስታርምባቸው ነው ያደገችው።

በ«ሲ» ጻፈችው። የመጨረሻውን ቁጥር ስትነካ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ገጹ ተከፍቷል።

«ገባሽ! ገባሽ!» ዊልፍሪዶ ጠረጴዛውን ደበደበው።

እሷ ግን አልተደሰተችም። ከተራው በታች ያለውን እያነበበች ነበር፤ ታካሚው ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ በስልክ አስተላልፈዋል፣ ሦስተኛ ማስተላለፍ አይፈቀድም ይላል።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ተራዬ ገና ነው ስትለኝ አልነበር?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። «አሁን ‹ምናልባት› እላለሁ። ጠዋት ስነሳ ‹ምናልባት አንድ ቀን አያለሁ› እላለሁ። ዓይኔን ከፍተውት ካላየሁ ግን ያ ‹ምናልባት›ም ይቀርብኛል።»

ንዴቷ የት እንደገባ አላወቀችም። ማረጋገጫውን ራሷ መጫን ትችላለች፤ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፣ ማንም አይከለክላትም። አልተጫነችም። ላፕቶፑን አምጥታ ጭናቸው ላይ አኖረችው።

«የቱ ጋ ነው?» አሉ።

ጣታቸውን ይዛ ቁልፉ ላይ አደረገችውና እጇን ለቀቀች። ዊልፍሪዶ ሰዓቱን አየ፤ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ በዓይኗ ዝም አሰኘችው።

«ቀዶ ጥገናው ክፍል አብረሽኝ ትገቢያለሽ?»

«እስከ በሩ ነው የሚፈቅዱልኝ።»

«እስከ በሩ ይበቃል» አሉና ተጫኑት።