አስሩ ላፕቶፖችና የአባቴ ስፌት

ኮምፒውተር ሳይኖረኝ ኮምፒውተር አስተምሬአለሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ኪቦርድ በጠመኔ እየሳልኩ፣ «ይሄ ኢንተር ይባላል» እያልኩ። ተማሪዎቼ ጎበዞች ስለሆኑ የእያንዳንዱን ቁልፍ ቦታ በቃላቸው ያውቁታል፤ አንዱንም ግን ተጭነውት አያውቁም። ስለዚህ ከስቶር አስር ያረጁ ላፕቶፖች ሊወገዱ መሆኑን የሰማሁ ቀን ደሜ ፈላ።

ምክንያቱ ቀርፋፋ ናቸው፣ ቫይረስ በልቷቸዋል የሚል ነበር። ርዕሰ መምህራችን ቢሮ ገብቼ «በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ልጫንባቸው፤ ቀላል ነው፣ ለአሮጌ ዕቃ ይስማማል፣ ቫይረሱም እንደ ልቡ አይገባበትም» አልኩ። ሰውየው ቅን ናቸው፣ ቀልድ ግን አይወዱም።

«ኢንተርኔት ይይዛል?» አሉኝ።

«ይይዛል!» አልኩ። ሞክሬው አላውቅም ነበር።

«እንግዲያው አንዱን ውሰጂና ረቡዕ ኮሚቴው ፊት አሳዪን። ከያዘ አስሩንም እናስቀራቸዋለን። ካልያዘ ዓርብ ይወገዳሉ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሊኑክሱ ቶሎ ገባ። ዋይፋዩ ግን የለም። ደክሞ አይደለም፤ ጨርሶ የለም፤ ላፕቶፑ እንዲህ ያለ ዕቃ በሆዱ መያዙን እንኳ አያውቅም። ዕቃውን ከላፕቶፑ ጋር የሚያግባባው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ነው የጎደለው፤ እሱ ደግሞ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት አስፈለገኝ። ብቻዬን እየተነጫነጭኩ ስልኬን በቻርጀሩ ገመድ ሰክቼ ዳታዬን አካፈልኩት። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ ፊደል በፊደል ጻፍኩ። መስመሩ ሁለቴ ተቋረጠ፣ ሁለቴ እንደገና ጀመርኩ። በመጨረሻ አጥፍቼ ሳበራው ስክሪኑ ጥግ ላይ የዋይፋዩ ምልክት ብቅ አለ። ገመዱን ነቅዬ የስልኬን ሆትስፖት ፈለግሁ፤ ያዘ። ለራሴ አጨበጨብኩ።

አባቴ ደጓሽ ናቸው። የብራና መጽሐፍ ይጠርዛሉ፣ መጽሐፉ የሚያዝበትን የቆዳ ማኅደርም ይሰፋሉ። ከይፋግ እስከ ጉና ሥር ያሉ ካህናት ሥራቸውን ያውቁታል። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ ሲያዩኝ ፊታቸው ጠቆረ። «የሚነበብበት አይደለም እንዴ? የሚነበብ ነገር እንዲህ ይያዛል?» አሉና በስንዝርና በጣት ለኩት። ማክሰኞ ማኅደሩ ደረሰ። የአባቴ ማኅደር ጥብቅ ነው። መጽሐፍ በበቅሎ ተጭኖ ሲሄድ ውስጡ ከተንገዋለለ ጠርዙ ይበላል ስለሚሉ፣ ሲገባና ሲወጣ እስኪያታግል ድረስ በልኩ ነው የሚሰፉት። የሰፉትን መልሰው ፈትተው እንደማያውቁም በኩራት ይናገራሉ።

ረቡዕ ኮሚቴው ፊት ላፕቶፑን ከማኅደሩ ስቤ አወጣሁ። አንዱ መምህር «ዳዊት ልትደግሚልን ነው?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከፈትኩት። ዋይፋይ የለም። አጥፍቼ አበራሁ፤ የለም። ድራይቨሩን በስልኬ ዳታ እንደገና ጫንኩ፤ የለም። የስቶር ሠራተኛው ሰዓቱን አየ። «ቅዳሜ ሠርቶ ነበር» አልኩ፤ ለራሴም የውሸታም ድምፅ መሰለኝ። ርዕሰ መምህሩ «እንግዲህ እስከ ዓርብ ጠዋት» ብለው ተነሡ። ወደ ቤት ስሄድ በንዴት እንባዬ መጣ።

ሐሙስ ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ ከማለዳ ጀምሮ ላፕቶፑ ላይ አፈጠጥኩ። ሊኑክስን ረገምኩ፣ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ መልሼ ረገምኩት። በመጨረሻ ሽቦ አልባ ዕቃዎቹን ምን እንደዘጋቸው የሚናገር ትእዛዝ አግኝቼ ጥቁሩ መስኮት ላይ ጻፍኩ። መልሱ አጭር ነው፤ በፕሮግራም አልተዘጋም፣ በማብሪያ ማጥፊያው ነው የተዘጋው። የምን ማብሪያ ማጥፊያ? ላፕቶፑን አገላብጬ ዳር ዳሩን በጣቴ ዳሰስኩ። ከፊት ጠርዙ ላይ ጥቁር በጥቁር የሆነች፣ ምስር የምታህል ተንሸራታች ቁልፍ አለች። ወደ ቀኝ ገፋኋት። ምልክቱ ወጣ።

ማን ነካት? ላፕቶፑን ማኅደሩ ውስጥ ከትቼ ስቤ አወጣሁትና ከፈትኩት። ምልክቱ የለም። የማኅደሩ የውስጥ ስፌት ጎበጥ ያለ ነው፤ ላፕቶፑ ሲወጣ ቁልፏን ይዞ ወደ ግራ ይጎትታታል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ዘጋት።

ዝም ማለት እችል ነበር። ቁልፏን በየጊዜው መልሼ መግፋት ምን ይከብደኛል? ነገር ግን ንዴቴ ቀደመኝ።

«አባየ፣ ሰው ፊት ያዋረደኝ እኮ የአንቱ ስፌት ነው!»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ደነገጥኩ። አባቴ መነጽራቸውን አደረጉና «አሳዪኝ» አሉ። አሳየኋቸው። ራሳቸው አስገብተው አወጡት፣ ቁልፏን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ቁመቱንና ወርዱን ለካሁ እንጂ ጠርዙ ላይ ምን እንዳለ አልጠየቅሁሽም» አሉ።

ከዚያ ወስፌአቸውን አንሥተው ስፌቱን መፍታት ጀመሩ። «ይተዉት አባየ፣ በፌስታሉ እይዘዋለሁ» ብላቸውም መፍታታቸውን ቀጠሉ። ክሩ አንድ በአንድ ሲወጣ ማየት አቃተኝና ዞር አልኩ። ቁልፏ በምታልፍበት በኩል ቆዳውን ሰርጎድ አድርገው ቆረጡ፣ ዳሩን በቀጭኑ ደግመው ሰፉት። አስገባን፣ አወጣን፣ አስገባን፣ አወጣን፤ ቁልፏ ንቅንቅ አላለችም።

ዓርብ ጠዋት ኮሚቴው ሲሰበሰብ ማንም የሚቀልድ አልነበረም። ላፕቶፑን አውጥቼ ከፈትኩ፤ የትምህርት ቤቱን ዋይፋይ መረጥኩ፤ የይለፍ ቃሉን ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ጻፉ። ያዘ። አንድ የፊዚክስ ቪዲዮ ከፈቱ፤ እየቆመ እየሄደም ቢሆን ታየ። «ዝጊውና እንደገና» አሉ። ማኅደሩ ውስጥ ከትቼ አወጣሁት። ያዘ። «አንድ ጊዜ ልድገም?» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ደገምኩ። ርዕሰ መምህሩ የማስወገጃውን ደብዳቤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና የስቶር ሠራተኛውን «ዘጠኙንም አስረክባት» አሉት። ኮራሁ። አንገቴ ረዘመ። እንዲህ ባለ ቀን ትሕትና አይሆንልኝም።

ስቶሩ በር ላይ ቆሜ አባቴ ጋ ደወልኩ።

«ያዘ?» አሉ፣ ሰላምታም ሳይሰጡ።

«ያዘ፣ አባየ። አስሩም አይወገዱም።»

«እሰይ። ተመስገን። በይ ሥራሽን ሥሪ።»

በፊቴ አመስግነውኝ ስለማያውቁ ከዚህ በላይ አልጠበቅሁም። ግን አባቴ አውርተው ሲጨርሱ ስልኩን ሳይዘጉ ነው የሚያስቀምጡት። እኔም አልዘጋሁትም። ሥራ ይዘው የመጡ አንድ ቄስ አጠገባቸው ነበሩ መሰለኝ፣ «ምን ሆነ?» ሲሉ ሰማሁ።

«ልጄ ናት» አሉ አባቴ። ለእኔ ከተናገሩበት ድምፅ ይልቅ ከፍ ባለ ድምፅ ነበር። «አስር ኮምፒውተር ከመጣል አዳነች። እኔማ በስፌቴ አበላሽቼባት ነበር፤ ጥፋቴን ያገኘችው እሷ ናት።»